የአገር ባለውለታዎችን በዝማሬ ማክበር፤ ከአንድ አጥቢያ የዝግጅት ልምድ

(በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎችና ለአጥቢያ አገልጋዮች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ስንቆም አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝና ስለ እርከን፣ አንዳንዴም ስለ ዘገየ ሪፖርት ነው። ዛሬ ግን ስለ መዘምራን እንድንናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን። ጉዳዩ ገና አልተፈጸመም፤ ጉባኤው የሚደረገው በመጪው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ሳይፈጸም ማቅረባችን ሆን ብለን ነው፤ ከበዓሉ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርት ሁልጊዜ ያማረ ስለሚሆን፣ በዝግጅቱ መካከል ያጋጠመንን ችግር ሳይለዝብ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንዲት አነስተኛ ከተማ አጥቢያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ የተጻፈና በሰበካ ጉባኤው ማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ወደ ቢሯችን መጣ። የአርበኞች የድል በዓልን ምክንያት በማድረግ በአጥቢያው የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮችን በዝማሬ ለማክበር ስለታሰበ፣ ለድንኳን ኪራይ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለርችትና ለ60 ከነቴራ ድጋፍ እንዲደረግ ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ምላሻችን የቢሮ ምላሽ ነበር፤ በበጀት መደባችን ውስጥ ከነቴራ የሚባል ነገር የለም። ደብዳቤውን አብረውን ያነበቡ አንድ አባት ግን ቀን መቁጠሪያውን ገልጠው ፈገግ አሉ። የ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የዋለው በትንሣኤ በዓል ዕለት ነበርና። ሌሊቱን ሲቀድስ ያደረ ካህንና በሁለት ወር ጾም የደከመ ሽማግሌ ከቀትር በኋላ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ጉባኤ ይከታተላል ብሎ ማሰብ የወጣቶች አሳብ ነው። ስለዚህ ለዓመት ተላለፈ። ያ መዘግየት በረከት ሆነ፤ አንድ ዓመት ባናገኝ ኖሮ ዛሬ የምንነግራችሁን ሁሉ ሳናይ ከነቴራውን አስፍተን እንለያይ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን ለምን ተመረጠ ላላችሁን፣ ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚሁ ዕለት ሲሆን፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱትም በዚሁ ዕለት ነው። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት ቤተ ክርስቲያናችን የከፈለችው መሥዋዕትነት ለእናንተ የሚነገር አይደለም፤ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት ማለፋቸውን፣ በ1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መፈጀታቸውን የማያውቅ በመካከላችን የለም። የካቲት 23 ቀንን ያነሡ ነበሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዐድዋ መዝመቱ ለዝማሬ የተመቸ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የካቲት 23 ቀን ብዙውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ ከበሮና ጸናጽል በማይነካበት ወቅት የደስታ ጉባኤ ማዘጋጀት ሥርዓቱ አይፈቅድም። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ስለሆነ ሚያዝያ 27 ቀን በዘመነ ትንሣኤ ውስጥ ይገኛል፤ ዕለቱም ሰኞ፣ ወርኃዊው የመድኃኔ ዓለም መታሰቢያ ነው። ቅዳሴ አስቀድሶ ወደ ጉባኤው መሄድ ይቻላል።

ለመዘምራኑ ግን ይህ ሌላ ፈተና አመጣ። ጥናቱ የሚካሄደው በሁዳዴ ነው። ዜማውን ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ፣ በድምፅ ብቻ ማጥናት ግድ ሆነ። ከበሮ መቺዎቹ መዝሙሩን ከመሣሪያቸው ጋር የሚያገናኙት ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ብቻ ነው። የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ በመጀመሪያ ተጨንቆ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከበሮ የሸፈነው ስሕተት ሁሉ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ማን ከዜማው እንደሚወጣ፣ ማን ቃሉን ሳያውቅ ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ ተለየ። እናቶች ከጽዋ ማኅበራቸው መጥተው ከወጣቶቹ ጋር እንዲዘምሩ የተወሰነውም ያን ጊዜ ነው፤ ድምፃቸው ከሳ ቢልም ዜማውን ይይዛሉና።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አጥቢያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘን ዕለት የሚከበሩት አባቶች ስም ዝርዝር ቀረበልን፤ 11 ስሞች አሉበት። ከእነዚህ ውስጥ ማንን ቤቱ ሄዳችሁ አነጋገራችሁ ብለን ጠየቅን። መዘምራኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንድም ሰው አልተጠየቀም። ዝርዝሩ የተሠራው በዓል ሲሆን ኒሻን አድርገው የሚታዩትን በማስታወስ ነበር። በልጆቹ አእምሮ ባለውለታ ማለት ጎፈሬና ጋሻ ያለው የፋሺስት ዘመን አርበኛ ነው። ሒሳቡን አብረን ሠራን። በ1933 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 99 ዓመቱ ነው። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ዙር ጋር ወደ ኮርያ የዘመተ የ20 ዓመት ወታደር በሕይወት ካለ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች መካከል ከ120 የሚበልጡት በዚያው ጦርነት አርፈዋል፤ ከተመለሱት ደግሞ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እንግዲህ በአንድ አጥቢያ ዙሪያ በሕይወት የምናገኛቸው የቀድሞ ወታደሮች አብዛኞቹ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ከዚያ በኋላ በሰሜን፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመና በጾረና ግንባር የነበሩ፣ እንዲሁም በቅርቡ ጦርነት የቆሰሉ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ባዶ እጁን ወደ ቀዬው የተመለሰው ሰው ብዙ ነው። እርሱ በበዓል ቀን ኒሻን አድርጎ አይታይም። ያለፈበትን አይናገርም፤ ጎረቤቱም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ጥናቱ ለሦስት ሳምንት ተቋረጠና መዘምራኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከንስሐ አባቶች ጋር ቤት ለቤት ዞሩ። ንስሐ አባቶች አብረው መሄዳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ በሩ አይከፈትም ነበር። እኛም በሁለቱ ቀን አብረን ዞረናል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። አንድ እግራቸው ሰው ሠራሽ ነው። መዘምራኑ በየሰንበቱ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ጧፍም የሚገዙት ከእርሳቸው ነው፤ እግራቸውን በመኪና አደጋ ያጡ ይመስላቸው ነበር። ሃምሳ አለቃ እንደነበሩ የነገሩን ንስሐ አባታቸው ናቸው። በጉባኤው ላይ እንዲከበሩ እንደታሰበ ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ ዝማሬው መልካም ነው። ርችት ካለ ግን አልመጣም» አሉ። ከልጆቹ አንዱ፣ «አባባ፣ ርችቱ እኮ ለእናንተ ክብር ነው» አላቸው። «ለእኔ ከሆነ ተወው። ለጥምቀት ሲተኮስ እንኳ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ» ሲሉ መለሱ።

ይህን ከሰማን በኋላ በየቤቱ ስለ ድምፅ መጠየቅ ጀመርን። ያልጠበቅነውን ያህል ሰው ተመሳሳይ ነገር ነገረን። አንዱ በብረት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ እንቅልፍ እንደሚነሳቸው፣ ሌላው ከኋላቸው ሰው ሲመጣ እንደሚደነግጡ፣ የአንዱ ባለቤት ደግሞ ባላቸው ሌሊት እንደሚጮኹና ጠበል ወስደዋቸው ጥቂት እንደተሻላቸው አጫወቱን። አባቶቻችን፣ ይህ በሕክምናው የታወቀ የጦርነት ጠባሳ ነው። ጠበሉን አያስቀርም፤ ጠበሉም ሐኪሙን አያስቀርም። እኛን ያሳፈረን ግን ሌላ ነው፤ ልናከብራቸው ያዘጋጀነው ነገር በድንኳን ውስጥ አስቀምጦ ማስደንገጥ ነበር።

ርችቱ ቀረ። ድምፅ ማጉያው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ እንዲዞር ተወሰነ። የመክፈቻው መዝሙር በከበሮ እንዲሆን ታስቦ የነበረው በበገና ተተካ። «በገና የሁዳዴ ነው፤ በትንሣኤ ምን ያደርጋል?» ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ተቃውሞውም ከቅንነት የመጣ ነው። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ግን በገና የጾም ብቻ ነው የሚል ሥርዓት እንደሌለ አስረድተው ፈቀዱ። ከበሮው ይኖራል፤ ነገር ግን የሚገባው እንግዶቹ ተቀምጠው ከተረጋጉ በኋላ፣ ከቀስታ ጀምሮ ነው።

የመዝሙሮቹ ግጥምም ሌላ ጉዳይ ነበር። መጀመሪያ የቀረቡልንን ስናነብ፣ ከአራቱ ሁለቱ ቀረርቶ እንጂ መዝሙር አልነበሩም። ደም፣ ጎራዴ፣ የጠላት ሬሳ ሞልቶባቸዋል፤ ዜማቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። ፉከራና ሽለላ በአገራችን የከበረ ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን ዐውደ ምሕረት አይደለም። መዘምራኑ ቅር እንዳይላቸው የአጥቢያው መምህር ተቀምጠው አስተማሯቸው። የሰማነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

ቤተ ክርስቲያን ወታደርን ንቃ አታውቅም። መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ወታደሮች ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ማንንም እንዳይቀሙ፣ በደመወዛቸው እንዲረኩ መከራቸው። ከአሕዛብ መጀመሪያ ከነቤተ ሰቡ የተጠመቀው ቆርኔሌዎስ የመቶ አለቃ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ፣ ቅዱስ ቴዎድሮስ፣ ቅዱስ ሚናስ ወታደሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ ገድላቸውን የምናነበው በጦር ሜዳ ስለጣሉት ሰው ብዛት ሳይሆን፣ ለጣዖት አንሰግድም ብለው ስለተቀበሉት መከራ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ በጦርነት የገደለውን ከነፍሰ ገዳይ ጋር አይቆጥረውም፤ ግን እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። መምህሩ ይህን ሲናገሩ በጓሮ በኩል ተቀምጠው የሚያዳምጡ አንድ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ትምህርቱ ሲያበቃ ቀርበው፣ «ይህን ከአርባ ዓመት በፊት የነገረኝ ቢኖር ንስሐ እገባ ነበር፤ ሁሉም ጀግና እያለኝ ለማን ልናገር?» አሉ። በማግስቱ ንስሐ አባት ያዙ። ከዚህ በላይ ልንናገር አይገባንም።

ግጥሞቹ ተለወጡ። ሁለቱ ለሰላም የሚለምኑ፣ አንዱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጋድሎ ላይ፣ አንዱም ለታመሙትና ለቆሰሉት የሚማልድ ሆነ። የመጨረሻውን ዜማ የደረሰችው የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ወደ አራራይ ያዘነበለ ነው። ከሁሉ የምንወደው እርሱን ነው ብንል ሌሎቹ ደራሲዎች አይቀየሙንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከሁሉ የከበደን ግን ዝርዝሩ ነው። ቤት ለቤት ሲዞር ስሙ ከ11 ወደ 38 አደገ፤ ከዚህም ውስጥ ያረፉ አሉበት። አንዲት እናት መዘምራኑን ቡና አፍልተው ካስተናገዱ በኋላ፣ «ልጄ በዚህኛው ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። ሬሳውን አላየሁም። ለእርሱም ትዘምሩለታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። በሌላው ሰፈር ደግሞ ልጃቸው በተቃራኒው ወገን ተሰልፎ የሞተባቸው ቤተ ሰብ አሉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ የአንድ ሰንበቴ አባላት ናቸው። ያን ምሽት ኮሚቴው እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ተከራከረ። አንዳንዶች ለአገር የተዋጋ ብቻ ይጠራ አሉ። ለአገር የተዋጋው ማን እንደሆነ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ዘጠኝ ሰዎች እንኳ አልተስማሙም። ሌሎች ደግሞ ጉባኤው ይቅር፣ ያለ ሰላም የምን ዝማሬ አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

መፍትሔው የመጣው ከአንድ አረጋዊ ቄስ ነው። «ለሙታን ስንጸልይ በምን ስም ነው የምንጠራቸው?» ሲሉ ጠየቁ። በክርስትና ስማቸው ነው። ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ስንል ማዕረጉ፣ የጦር ክፍሉ፣ የተሰለፈበት ወገን አይነገርም። ስለዚህ በጉባኤው መጀመሪያ ያረፉት ሁሉ በክርስትና ስማቸው ብቻ፣ በፊደል ተራ፣ ያለ ልዩነት እንዲታሰቡ ተወሰነ። እኒያ እናት የልጃቸውን የክርስትና ስም በወረቀት አጽፈው ሰጥተዋል። የሌላው ሰፈር ቤተ ሰብም ሰጥቷል። የተጻፉት በአንድ ገጽ ላይ ነው።

ይህ ውሳኔ ሁሉን ደስ አሰኘ ብንል ዋሾዎች እንሆናለን። በሕይወት ካሉት አንዱ አባት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ማዕረጌን ያገኘሁት በደሜ ነው። አገር ያልሰጠኝን ክብር ቤተ ክርስቲያን ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እናንተም ስሜን ትደብቁታላችሁ?» አሉ። በሕይወት ያሉት በማዕረጋቸው እንደሚጠሩ፣ በክርስትና ስም የሚታሰቡት ያረፉት ብቻ እንደሆኑ ብናስረዳም ልባቸው አልተመለሰም። ጓዶቻቸው የሞቱበት ግንባር ስም በጉባኤው ላይ እንዲጠራ ይፈልጋሉ። ኮሚቴው አልፈቀደም። የእርሳቸውን ሐዘን እናውቃለን፤ ውሳኔውን ግን አሁንም እንደግፋለን፤ የአንድ ግንባር ስም ከተጠራ የሌላው ቤተ ሰብ ከድንኳኑ ይወጣልና። እርሳቸው እንደሚመጡ ገና አላረጋገጡም። አስተዳዳሪው በሆሣዕና ሳምንት ዘንባባ ይዘው ሊጠይቋቸው ቀጠሮ አላቸው።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት እንበል፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህንን እንደሆነ እናውቃለንና። ከነቴራው ቀርቶ መዘምራኑ ያላቸውን ነጭ ልብስና ነጠላ ይለብሳሉ። ድንኳኑን ዕድሩ በነፃ ሰጥቷል። ወንበሩ ከሦስት ዕድሮች ይሰበሰባል፤ ለሽማግሌዎቹ መደገፊያ ያለው ወንበር ብቻ ተመርጦ ከፊት ሳይሆን ከመውጫው አጠገብ ይደረጋል፤ ለሽንት የሚነሣ ሰው በሕዝብ መካከል እንዳያልፍ። የባጃጅ ሾፌሮች ከቤት አምጥተው ለመመለስ ቃል ገብተዋል። ጸበል ጸዲቁን የእናቶች ማኅበር ያዘጋጃል። ጉባኤው ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ የንግግር ሰዓትም ለማንም፣ ለእኛም ጭምር፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይሰጥም። ከፕሮጀክታችን የወጣው ለድምፅ ማጉያ ኪራይና ወደ ዐውደ ምሕረቱ ለሚያስገባው ደረጃ መወጣጫ ነው። መወጣጫው ከበዓሉ በኋላም ለምርኩዘኞችና ለሕፃን አዛዮች ስለሚያገለግል በበጀታችን ውስጥ ቦታ አገኘ።

ቤት ለቤት የተያዘው መዝገብ ከዝማሬው የሚበልጥ ሥራ ይዞ መጥቷል። በመዝገቡ ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት፣ ዓይኑ በሞራ የተጋረደ ሽማግሌ፣ የአገልግሎት ማስረጃው ስለጠፋበት የጡረታ መብቱን መጠየቅ ያቃተው ሰው፣ ሰው ሠራሽ እግሩ የጠበበው ሰው ሰፍሯል። ይህን ለመዘምራን መተው አይቻልም። የአጥቢያው ልማት ኮሚቴ ከመዝገቡ ውስጥ ራሱ የሚችለውን፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀውን፣ ለእኛ የሚላከውን ለይቷል። የሁለት ቤት ጣሪያ በአጥቢያው ሰዎች ጉልበት ከፋሲካ በፊት ይጠገናል። ለዓይን ሕክምናው የሚሄዱት ሰዎች ዝርዝር ደርሶናል። ማስረጃ የጠፋባቸውን በሚመለከት አብረው ያገለገሉ ምስክሮች እየተፈለጉ ነው፤ ምስክሮቹም እያረጁ ስለሆነ ይህ የሚዘገይ ጉዳይ አይደለም።

በየአጥቢያችሁ ተመሳሳይ ጉባኤ ልታዘጋጁ የምታስቡ ካላችሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት መዝገቡን ያዙ፤ በንስሐ አባቶች በኩል ብትጀምሩ ይቀላል። የጥያቄዎቹን ቅጽ በምሳ ሰዓት በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኛላችሁ። ስለ ሕመምና ስለ ንስሐ የሚነገራችሁን በወረቀቱ ላይ አትጻፉት። ሚያዝያ 27 ቀን ወደ አጥቢያው መጥታችሁ ማየት የምትሹ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ድረሱ፤ ከኋላ በኩል እንድትቆሙ እንጠይቃችኋለን፤ ወንበሩ የተቆጠረ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።